በኩንታል የሚገዛ አቧራ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚጓዝ ነጋዴ፣ ጣርማ በርን አልፎ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ሲወርድ ጋቢውን አጣጥፎ ከመቀመጫው ሥር ማኖሩ የቆየ ልማድ ነው። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት፣ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 1,280 ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ ደጋው በውርጭ በሚንቀጠቀጥበት ወራት እንኳ እኩለ ቀን ላይ በርሷ ዘንድ ጥላ ይፈለጋል። የቀወት ገበሬ ማሽላውን፣ ጤፉን፣ ማሾውንና ሽንኩርቱን የሚያወርደው ወደዚህች ከተማ ነው። ከዚያም ወዲያ በጀውሃ፣ በሰንበቴና በአጣዬ የሚዘረጋው ቆላ ገበያው ከገበያ የተያያዘ ነው። ይፋት ከጥንት ጀምሮ ከደጋ ወደ ባሕር ወደብ የሚወርድ ሸቀጥ መተላለፊያ ስለ ነበረ፣ እህል መስፈር፣ መቋጠርና መጫን ለዚህ አገር ሰው አዲስ ሙያ አይደለም። ዳሩ ግን ሙያው በሚሠራበት ቤት ውስጥ ሠራተኛው ምን እየተነፈሰ እንደሚውል ጠይቆ የሚያውቅ ነጋዴ ብዙ አይደለም።

መኸር በገባ ጊዜ በአንድ የእህል መጋዘን ደጅ ቆሞ ለተመለከተ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ጫኝና አውራጆች ጆንያውን ከጋሪና ከካሚዮን ላይ በትከሻቸው ተቀብለው ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። አንዱ የጆንያውን አፍ ይፈታል፤ ሌላው ከክምሩ ላይ ወጥቶ ከትከሻው ይዘረግፈዋል፤ ጥግ ይዘው የተቀመጡት ሴቶች በሰፌድና በወንፊት ያበጥራሉ፣ ጠጠሩንም ይለቅማሉ። በበሩ በሚገባው የፀሐይ ጨረር ላይ የሚታየው ቢጫ ጉም ከወለል እስከ ጣሪያ ይደርሳል። ወንዶቹ የነጠላቸውን ወይም የሽርጣቸውን ጫፍ ወደ አፍና አፍንጫቸው ስበው ሥራውን ይጀምራሉ፤ ጥቂት ቆይቶ ሙቀቱ ሲበረታ ጨርቁ ይወርዳል፤ ከወረደም በኋላ ተመልሶ አይነሣም። ነጋዴው በሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ይቆጥራል፤ ጸሐፊውም ይመዘግባል። በመዝገቡ ላይ የእህሉ ዓይነት፣ ክብደቱና ዋጋው ይሰፍራል፤ ለጉሙ የተሰመረ ዓምድ ግን የለም።

ነገር ግን ያ ጉም ገንዘብ ወጥቶበት የተገዛ ነው። ለምሳሌ ያህል ከመቶው ሁለት እጁ አፈርና እብቅ የሆነ ማሾ ቢገዛ፣ በእያንዳንዱ ኩንታል 2 ኪሎ፣ በመቶ ኩንታል ደግሞ 2 ኩንታል ባዕድ ነገር በእህል ዋጋ ተገዝቷል ማለት ነው። ለዚሁ ባዕድ ነገር የጆንያ ዋጋ፣ የማስጫኛና የማስወረጃ ዋጋ፣ የመኪናም ኪራይ ይከፈልለታል። መጋዘን ከደረሰ በኋላም ከእህሉ እንዲለይ ለአበጣሪዎች የቀን ሒሳብ ይታሰባል። ነጋዴው ስለ አንዱ አቧራ ሦስት አራት ጊዜ ከከፈለ በኋላ፣ በመጨረሻ እጁ የለመደለትን ሠራተኛ በሳል ያጣዋል። ይህን የመጨረሻውን ኪሣራ በአኀዝ የሚጽፍ የለም እንጂ ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው።

የሰውን ደረት ጉዳይ በሒሳብ ማየት ለነጋዴ አይከብደውም። ሰው አርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር ይተነፍሳል። ከባድ ሸክም ሲሸከም ግን ይህ ልክ ወደ 40 ሊትርና ከዚያም በላይ ይወጣል። ስለዚህ በአንዱ ጉም ውስጥ የቆሙት ሚዛን ያዡና ተሸካሚው እኩል አይጎዱም፤ ብዙ የደከመው ብዙ አቧራ ይጠጣል። የሙያው ጠበብት ለአንድ የሥራ ቀን በአማካይ 10 ሜትር ኩብ አየር ብለው ያሰላሉ። በኢትዮጵያ የቡና ማዘጋጃ ፋብሪካዎች ውስጥ ተደርጎ ከጥቂት ዓመታት በፊት የታተመ ጥናት፣ በማሽን ክፍልና በማጓጓዝ የሚሠሩት ሰዎች የሚተነፍሱት አየር በአንድ ሜትር ኩብ በአማካይ 12 ሚሊግራም ያህል አቧራ እንደሚይዝ፣ በእጅ የሚለቅሙት ሴቶች ግን 1 ሚሊግራም ያህል ብቻ እንደሚደርሳቸው አመልክቷል። እንግዲህ 12 በ10 ሲባዛ በቀን 120 ሚሊግራም፣ በ250 የሥራ ቀን 30 ግራም ይሆናል። አብዛኛው በአፍንጫና በጉሮሮ ተይዞ በአክታ ይወጣል፤ ሁሉ ግን አይወጣም። ማሾና ማሽላ ቡና አይደሉም፤ የይፋት መጋዘንም የማሽን ክፍል አይደለም። ሥራው ግን ያው ማፍሰስ፣ መሸከምና ማበጠር ስለ ሆነ ሒሳቡ ለግምት ይረዳል።

የአቧራ ክፋት በብዛቱ ብቻ አይለካም። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ነው። ከ10 ማይክሮን የሚበልጠውን ብናኝ አፍንጫና ጉሮሮ በአብዛኛው ያስቀሩታል፤ ከ5 ማይክሮን የሚያንሰው ግን ወደ ሳንባው ጥልቅ ድረስ ይዘልቃል። በፀሐይ ጨረር ላይ ሲጨፍር የሚታየው ጉም ዓይን ያቃጥላል፣ ያስነጥሳልም። ጉሙ ረግቷል ከተባለ በኋላ ለሰዓታት በአየር ላይ ተንሳፍፎ የሚቆየው፣ ዓይን የማያየው ግን የባሰው ነው። ሠራተኛው ምሳውን በመጋዘኑ ውስጥ ተቀምጦ ሲበላ የሚተነፍሰው ይህንኑ ነው።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 እ.ኤ.አ. ስለ ሠራተኞች ደዌ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ለእህል አበጣሪዎችና ሰፋሪዎች ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቷቸዋል። ከእህል አቧራ ይልቅ ይበልጥ የተጠናው ደግሞ የጥጥ አቧራ ነው። ጥጥ በሚዳመጥበትና በሚባዘትበት ቤት የሚሠራ ሰው ደረቱ የሚታፈነው፣ ትንፋሹም የሚያጥረው፣ ከዕረፍት በኋላ ወደ ሥራ በሚመለስበት በመጀመሪያው ቀን ነው። በሽታው የሰኞ ሕመም እየተባለ መጠራቱ ከዚህ የመጣ ነው። አሠሪው ሰኞ ዕለት ሠራተኛው ሲያለከልክ ባየው ጊዜ የትናንቱን መጠጥ ይጠረጥራል፤ ሰውዬው ግን ጠላ የሚባል ነገር ከአፉ ያልደረሰ ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተደርጎ በ1991 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ጥጥ በሚነፋበት ክፍል ከሚሠሩት ከመቶ 43፣ በሚባዘትበት ክፍል ከሚሠሩት ከመቶ 37 የሚሆኑት ይህ ሕመም ተገኝቶባቸዋል። ጥጥ መፍተልና መሸመን የቆየ ሙያ በሆነበት በይፋት፣ ጥጥ በጆንያ የሚገዛና የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ቁጥር ማወቁ መልካም ነው።

የቆላው ነጋዴ በተለይ ሊያስተውለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። እርጥበት ነክቶት የሻገተ ማሽላ የተከመረበትን ቤት ከፍቶ ሲያገላብጥ የዋለ ሰው፣ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ አመሻሹ ላይ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ይቆረጥመዋል፣ ያስለዋልም። ሸዋ ሮቢትና አካባቢዋ የወባ አገር ስለ ሆኑ በሽተኛውም ጎረቤቱም የሚናገሩት አንድ ቃል ነው፤ ወባ ተነሣበት ይላሉ። ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናሉ። ነገር ግን ይህ ትኩሳት ከሻጋታው ብናኝ የመጣ ሊሆን ይችላል። የእንዲህ ያለው ትኩሳት ጠባይ ሰውዬው ከአቧራው ሲርቅ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ መልቀቁ፣ ወደ ክምሩ ሲመለስም እንደገና መነሣቱ ነው። ደጋግሞ ሲያጠቃ ሳንባውን እያጠበበ ይሄዳል። እንግዲህ ወደ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሠራተኛ ለወባ ደሙን ማስመርመሩ ሳይቀር፣ የሻገተ እህል ሲያገላብጥ መዋሉንም ለሐኪሙ ይንገር። ሐኪሙ ካልተነገረው በስተቀር ከምን ያውቀዋል?

በርበሬ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የበርበሬ ወፍጮ በሚሠራበት መንደር ያለፈ ሁሉ ስለሚያውቀው ብዙ ማለት አያሻም። ይሁን እንጂ ምክንያቱ ማወቅ የሚያስደስት ነው። በርበሬ የሚያቃጥለው በውስጡ ባለው ካፕሳይሲን በተባለ ነገር ሲሆን፣ ይህም የእሳትን ትኩሳት የሚለዩትን የነርቭ ጫፎች እያታለለ የተቃጠሉ እንዲመስላቸው ያደርጋል። ይህንኑ በር በ1997 እ.ኤ.አ. ያገኘው አሜሪካዊው ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 እ.ኤ.አ. የኖቤልን የሕክምና ሽልማት ከሌላ ሊቅ ጋር ተካፍሏል። ስለዚህ በርበሬ ሲፈጭ የሚመጣው ሳል የልማድ ማጣት ሳይሆን ደረቱ የሚያሰማው የእሳት አደጋ ጥሪ ነው። አስም ያለበትን ሰው በበርበሬ መጋዘን ማሠራት ከእሳት አጠገብ ቤንዚን እንደ ማኖር ይቆጠራል። ትምባሆ የሚያጨሰውም ሠራተኛ፣ የጢሱና የአቧራው ጉዳት ተደራርቦ ስለሚያገኘው ከባልንጀራው ቀድሞ ይደክማል። ለብዙ ዓመታት በትምባሆ እርሻዋ ስትታወቅ ለኖረችው ሸዋ ሮቢት ይህ ቃል እንግዳ አይሆንባትም።

የዚህ ሁሉ መድኃኒት ምንድን ነው ቢባል፣ ብዙ ሰው ወዲያው የሚመልሰው የአፍንጫ መሸፈኛ ነው ብሎ ነው። ይህ መልስ በደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ ይሠራ ይሆናል፤ በሸዋ ሮቢት ግን ከቀትር በፊት ይፈርሳል። ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ መቶ ኪሎ ተሸክሞ የሚመላለስ ሰው ፊቱን አጥብቆ የሸፈነውን ነገር ከግማሽ ሰዓት በላይ ይታገሠዋል ብሎ ማሰብ አይገባም። ነጠላና ሻሽ ደግሞ ጠጠሩን እንጂ ረቂቁን ብናኝ አያስቀሩም። በሐኪም ቤት የሚለበሰው ሰማያዊው መሸፈኛም በጎንና በጎኑ ክፍት ስለ ሆነ ለአቧራ የተሠራ አይደለም። እውነተኛው የአቧራ ማስክ፣ ይኸውም ረቂቁን ብናኝ ከመቶ 95 እጅ እንዲያስቀር ሆኖ የተሠራው፣ ፊት ላይ ካልተጣበቀ በስተቀር ዋጋ የለውም፤ ላብ ሲያርሰውም መለወጥ አለበት። ስለዚህ በቆላ አገር ማስክ ለአጭርና ለከፋ ሥራ፣ ለምሳሌ የሻገተ ክምር ለመክፈትና የመጋዘን ጣሪያ ለማራገፍ የሚቀመጥ የመጨረሻ መሣሪያ ነው። ቀኑን ሙሉ መሠራት ያለበት በሰውዬው ፊት ላይ ሳይሆን በአቧራው ላይ ነው።

የአቧራውም መነሻ አውድማው ነው። ገበሬው በመንሽና በላይዳ ነፋስ ጠብቆ ባበጠረ ጊዜ እብቁ በሜዳ ላይ ይበተናል፤ ማንንም አያፍንም። ሳይበጠር የመጣው ግን በአራት ግድግዳ መካከል ይበተናል። ነጋዴው ለተበጠረና ላልተበጠረ እህል አንድ ዋጋ የሚሰጥ ከሆነ ገበሬው ለምን ይደክማል? በሚዛኑ አጠገብ ሁለት ዋጋ ጽፎ የሚሰቅል ነጋዴ፣ ለአዘውታሪ ደንበኞቹም እህሉ መሬት እንዳይነካ ሸራ የሚያውስ፣ አቧራውን ከመጋዘኑ ደጅ ሳይሆን ከአውድማው መለሰው ማለት ነው። ማሾ በ2006 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከገባ ወዲህ የባዕድ ነገር ልክ በደረጃው ላይ የሚታሰብ ሆኗል። እህሉን ወደ ህንድና ወደ ኢንዶኔዥያ የሚልኩት ነጋዴዎችም ንጹሕ ዕቃ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ለሠራተኛው ደረት የሚደረገው ነገር ከነጋዴው ከረጢት ጋር የሚጋጭ አይደለም።

ከመጋዘን ውስጥ የሚደረገውም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጆንያ ከትከሻ ላይ ሲዘረገፍ የሚነሣው ጉምና ዝቅ ብሎ ቀስ ተብሎ ሲገለበጥ የሚነሣው ጉም አይወዳደሩም። ባዶ ጆንያ በቤት ውስጥ ማራገፍ እጅግ ክፉ ልማድ ነው፤ ወደ ውጭ ወጥቶ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ ማራገፍ ምንም አያስከፍልም። ማበጠር የሚሻለው በዳስ ሥር ሲሆን፣ እብቁ ወደ ጎረቤት ሱቅ እንዳይነፍስ የነፋሱን አቅጣጫ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። መጋዘኑ በአንድ በኩል ብቻ በር ካለው አየሩ አይንቀሳቀስም፤ በትይዩው ግድግዳ ከፍ ብሎ ወንፊት የለበሰ መስኮት መክፈት ያሻል። ለጫኝና አውራጆችም ከባዱን ሥራ በማለዳ መጨረስ ጥሩ ነው፤ ሙቀቱ ሳይበረታ የሚሠራ ሰው ትንፋሹም አይበዛም፣ ማስክ ቢያደርግም ይታገሠዋል።

የኢትዮጵያ እመቤት ቤቷን ከመጥረጓ በፊት ውኃ ታርከፈክፋለች። ይህ የእናቶች ልማድ ከብዙ መጽሐፍ የሚበልጥ ጥበብ ነው፤ በመጋዘን ግን በጥንቃቄ የሚሠራበት እንጂ እንዳለ የሚወሰድ አይደለም። ወለሉ ባዶ ሲሆንና ቶሎ ሲደርቅ ውኃው ይጠቅማል። እህል በተከመረበት ግን እርጥበቱ ሻጋታ ያመጣል። እንዲህ ባለ ጊዜ እርጥብ ሰጋቱራ በትኖ መጥረግ የተሻለ ነው። የነቀዝ መድኃኒት ባለበት ቤት ግን ውኃ ጨርሶ አይገባም፤ ምክንያቱ ከዚህ በታች ይነገራል።

ስለ ወፍጮ ቤት አንድ ነገር ብቻ ይበቃል። ዱቄቱ የታወቀ ነው። ያልታወቀው ድንጋዩ ሲወቀር የሚነሣው ትቢያ ነው። የወፍጮውን ጥርስ በመዶሻ የሚወቅር ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ ፊቱን ወደ ድንጋዩ አስጠግቶ ስለሚሠራ፣ የሚነሣው ደቃቅ በቀጥታ ወደ አፍንጫው ይገባል። ባልጩት መሳይ ማዕድን ያለበት ድንጋይ ደግሞ ሳንባን ለዘለቄታው ያደርቃል፤ መድኃኒትም አልተገኘለትም። ድንጋዩን በውኃ አርሶ፣ ከቤት ውጭ አውጥቶ፣ ማስክም አድርጎ መውቀር ከዚህ ያድናል። በናፍጣ የሚሠራው ሞተር ጢስ ማውጫውም ከግድግዳው ውጭ ይሁን።

እስካሁን የተነገረው ቀስ ብሎ ስለሚጎዳው ነው። በአንድ ሌሊት ስለሚገድለው ማውሳት የግድ ነው። ማሾ የነቀዝ ምግብ ነው፤ በቆላ ሙቀት ነቀዙ ቶሎ ስለሚራባ ነጋዴው መድኃኒት ይፈልጋል። በሰፊው የተለመደው አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለው፣ ብዙ ሰው ፎስቶክሲን በሚለው የንግድ ስሙ የሚያውቀው ክኒን ነው። ክኒኑ በአየር ውስጥ ያለውን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። 3 ግራም የሚመዝን አንድ ክኒን 1 ግራም ጋዝ ይሰጣል። አንድ ግራም ምን ያደርጋል የሚል ሰው ይህን ያስላ። ወርዱ 3 ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ የሱቅ ጓዳ 36 ሜትር ኩብ ነው። በዚህ ጓዳ ውስጥ የአንድ ክኒን ጋዝ ቢሞላ፣ ከሚሊዮን የአየር እጅ 20 ያህሉ ፎስፊን ይሆናል። ለረዥም ዘመን በብዙ አገር የተሠራበት የሠራተኛ ወሰን ደግሞ ከሚሊዮን 0.3 ነው። ከ60 ጊዜ በላይ እጥፍ መሆኑ ነው። ለአንድ ክምር የሚገባው ክኒን ደግሞ አንድ አይደለም።

አደጋውን የሚያብሰው የቤቶቹ አሠራር ነው። በትንንሾቹ ከተሞች ሱቅ፣ መጋዘንና መኖሪያ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሆኑ፣ መካከላቸውን የሚለየው የጭቃ ግድግዳ ወይም ኮርኒስ ብቻ ነው። ጋዙ በስንጥቅ ሁሉ ያልፋል። ክኒን የገባበት ክምር ከጓዳ ሲቀመጥ ልጆች ከወዲህኛው ክፍል ተኝተዋል፤ ዘበኛውም ሌሊት ቢበርደው ወይም ዝናብ ቢመጣ ገባ ብሎ ከጆንያው አጠገብ ይጋደማል። የነጭ ሽንኩርት ወይም የካርባይድ የመሰለ ሽታ አለው ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ጋዙ እያለ ሽታው የማይሰማበት ጊዜ ስላለ፣ ሽታ የለምና ደኅና ነው ማለት አይቻልም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የደረት መታፈን ሲጀምር ሰውዬው ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ወጥቶ ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት፤ ለዚህ መርዝ ማርከሻ የለውምና። የአቧራ ማስክ ከዚህ ጋዝ አያድንም፤ ለጋዝ የሚሆነው ልዩ ማጣሪያ ያለው መሣሪያ ነው። ያን መሣሪያ ያልያዘና ያልሠለጠነ ሰው መድኃኒቱን ባይነካው ይሻላል።

ክኒኑ ውኃ ቢነካው በኃይል ጋዝ ይለቃል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። ውኃ ማርከፍከፍ የተከለከለው ስለዚህ ነው። ከሥራው በኋላ የሚቀረው ግራጫ አመድም ጨርሶ ያልተቃጠለ መርዝ ስለሚኖርበት፣ ከጥርጊያ ጋር አይቀላቀልም፣ ለሕፃናትም እጅ አይደርስም። የደንቡ መንገድ ክምሩ ሰው ከማይኖርበት ቤት ሆኖ፣ ቀዳዳ በሌለው ሸራ ተሸፍኖ፣ የሸራው ጠርዝ አሸዋ በተሞሉ ረዣዥም ከረጢቶች ተጭኖ፣ በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተጻፈው ቀን እስኪሞላ መዘጋቱ ነው። ከዚያም በር ሁሉ ተከፍቶ በቂ ጊዜ ይናፈሳል። ቁልፉን አንድ ሰው ብቻ ይይዘዋል። በአገራችን ይህን የመሰለ መድኃኒት የሚመራበት የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ስላለ፣ መለያ ወረቀቱ የተገነጠለ ወይም በፕላስቲክ ተቋጥሮ በፍሬ የሚሸጥ ክኒን የገዛ ነጋዴ ርካሽ ዕቃ አገኘሁ ብሎ አይደሰት።

ዕቃ አስመጪዎችም ከዚህ ነገር ነፃ አይደሉም። ከውጭ አገር የሚመጣ ኮንቴይነር ነቀዝና ተባይ እንዳይዝ በጋዝ ታጥኖ የሚላክበት ጊዜ አለ። በአውሮፓ ወደቦች በተደረገ ምርመራ፣ ማስጠንቀቂያ ያልተለጠፈባቸው ኮንቴይነሮች ሳይቀሩ የጋዝ ትራፊ ተገኝቶባቸዋል። በሩ እንደ ተከፈተ ዘሎ መግባት እንጂ ከፍቶ ጥቂት ሰዓት ማናፈስ የሚያዘገየው ነገር የለም።

ሕጉ በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሥራውን አደጋ ለሠራተኛው እንዲያስረዳ፣ የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ፣ በሥራ የመጣን ጉዳትና በሽታ መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያስታውቅ፣ ሥራው የሚያስፈልገው ሲሆንም ሠራተኛውን በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዛል። ኢትዮጵያም ስለ ሥራ ደኅንነትና ጤንነት የወጣውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 በ1991 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች። ችግሩ ያለው ጫኝና አውራጁ የማን ሠራተኛ ነው በሚለው ላይ ነው። ብዙዎቹ ተሸካሚዎች በቡድን ተደራጅተው፣ በጭነት ተዋውለው፣ ከአንዱ መጋዘን ወደ ሌላው የሚዞሩ ናቸው። ነጋዴው የኔ ሠራተኛ አይደለም ይላል፤ የቡድኑ አለቃም ቤቱ የኔ አይደለም ይላል። በዚህ መካከል ደረቱ የታመመው ሰው ወደ ገበያ ዳር ወጥቶ ይቀመጣል፤ በማግሥቱ ሌላ ወጣት በቦታው ይገባል። ውሉ በጽሑፍ በሚደረግበት ጊዜ ማስኩን ማን እንደሚያቀርብ፣ የታመመውን ማን እንደሚያሳክም አንድ መስመር መጨመር ከአንድ ብዕር ቀለም በላይ አያስወጣም። ሳል ይዞ ስርቆት እንደማይሆን ሁሉ፣ ሳል ይዞ ሸክምም ብዙ አያስኬድም፤ ሥራውም ይጓተታል፣ ዕቃውም ከትከሻ ይወድቃል።

የመጨረሻው ነገር ስለ በሩ ነው። መድኃኒት የገባበት መጋዘን ደጃፍ ማስጠንቀቂያ ይለጠፍበት ሲባል፣ ብዙውን ጊዜ በአማርኛ ተጽፎ ይቀራል። ይሁን እንጂ እሑድ እሑድ በሰንበቴ ገበያ የሚገናኘው አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ነው፤ ከመካከላቸውም ማንበብ የማያውቅ አለ። ጥላ ፈልጎ ከመጋዘን በር ሥር የሚቀመጥ ግመል ነጂ፣ ወይም ልጇን አዝላ የምታልፍ እናት ጽሑፉን አታነብም። ስለዚህ በቀይ ቀለም የራስ ቅልና ሁለት አጥንት ተሥሎ፣ መድኃኒቱ የገባበትና በሩ የሚከፈትበት ቀን ከሥሩ ተጽፎ፣ ቁልፉን የያዘው ሰው ቤት የት እንደ ሆነ ለሁለቱም ወገን ጎረቤት በቃል ይነገር። ለዘበኛውም የመኝታ ቦታው ከመጋዘኑ ራቅ ብሎ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ይደረግለት።